የመሳፈሪያ ሦስት ብር

እስቲ እናንተው ፍረዱ። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደሴ ከተማ ውስጥ የሙዓዊያን ድምፅ ሳይሰማ የሚውል ሰው አልነበረም። ሻይ ቤቱ እሱን ያሰማል፣ ሚኒባሱ እሱን፣ ሰልባጅ ሻጩ እሱን፣ ሠርገኛው እሱን። ድምፁ በመኪና ተንደላቅቆ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲመላለስ ባለድምፁ ግን ያንኑ መንገድ በእግሩ ነበር የሚኳትነው። ይሄን ባነሳሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። መዲና ያኔ ይሄን አታውቅም ነበር። ብታውቅማ ኖሮ ያን ሁሉ ክፉ ቃል ባልተናገረችው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

መዲና የሆጤ ሰፈር ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ ስላልመጣላት አቶ ሞላልኝ ካሴት ቤት ተቀጠረች። ሥራዋ መቅዳት ነው። ደንበኛው የሚፈልገውን ዘፋኝ ይነግራታል፣ እሷ ዋናውን ካሴት በአንዱ በኩል፣ ባዶውን በሌላው በኩል ከትታ ትገለብጥለታለች። በቀን ሠላሳም አርባም ትቀዳለች። ይሄ የሰው ላብ መስረቅ ነው ብሎ የነገራት አልነበረም፤ በከተማው ያለው ካሴት ቤት ሁሉ የሚውለው በዚሁ ሥራ ነው።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀጠን ያለ ረጅም ወጣት ገባ። ፀጉሩና ትከሻው ላይ የጥጥ ብናኝ ተበትኗል።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ምን ልርዳህ?»

ከኮቱ ኪስ አንድ ካሴት አውጥቶ አስቀመጠ። «ይቺን በሦስት ታባዢልኛለሽ?»

«የማን ናት?»

«የአንድ ጓደኛዬ።»

መዲና ካሴቱን ከተተች። መጀመሪያ ክራር ተሰማ፣ ቀጥሎ ድምፅ መጣ። ቀና አላለችም። እጇ ማጫወቻው ላይ እንዳለ ቀረ። ስንት ዘፈን በጆሮዋ አልፏል፣ ሁሉም ሥራ ነበር፤ ይሄኛው ግን ሥራዋን አስረሳት።

*ከገራዶ ማዶ ጭጋጉ ሲገለጥ፣*
*ልቤ ባንቺ ደጃፍ ሮጠ ለመቀመጥ።*

ቀና ስትል የልጁ ከንፈር ከዘፈኑ ጋር ይንቀሳቀሳል። አየችው፤ ማየቷን አየና አፉን ገጠመ።

«ጓደኛህ ጎበዝ ነው» አለችው።

«እንደነገሩ ነው።»

«ዶሮ ያረባል እንዴ?»

«ምን አልሽ?»

«ከዘፈኑ ጋር ዶሮ ትጮሃለች።»

ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ሳቁ። ሙዓዊያ እባላለሁ አላት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ክር ክፍል ይሠራል፤ ካሴቱን የቀዳው አክስቱ ቤት ነው፣ ዶሮዋም የአክስቱ ናት። ሦስቱን ቅጂ ለሙዚቃ ቤቶች ሊያድል ነው። መዲና ሦስት ቀድታ ሰጠችው። እሱ ዞር ሲል አራተኛ ቀድታ መሳቢያዋ ውስጥ ደበቀች፤ ሌላውን ሁሉ ለሰው ስትቀዳ ለራሷ የቀዳችው ያቺን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሙዓዊያ ፈረቃው በለቀቀው ቅዳሜ ሁሉ ይመጣል። የሚቀዳ ነገር ባይኖረውም ይመጣል። ደንበኛ ሲበዛ ጥግ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እሷ ካሴት ስትቀይር ያያታል፤ ዞር ስትል ጣራ ጣራውን ያያል።

«ይቺ የገራዶዋ ልጅ ማን ናት?» አለችው አንድ ቀን።

«ግጥም ናት እንጂ ሰው አይደለችም።»

«ግጥም ደጃፍ አላት እንዴ?»

«ወላሂ መዲና፣ ስጽፈው ማንም አልነበረም። አሁን ግን በዘፈንኩት ቁጥር ያ ደጃፍ የዚህ ቤት በር ነው የሚመስለኝ።»

መዲና ወደ ማጫወቻው ዞረች። ቀኑን ሙሉ ግን የተሳሳተ ካሴት እየቀዳች ስትሰጥ ዋለች፤ ትዝታ ያዘዘ መንዙማ ይዞ ሄደ።

በዓመቱ ከሦስቱ ሙዚቃ ቤቶች አንዱ መልስ ሰጠ። እዚያው ደሴ ፒያሳ ላይ ትልቅ ሱቅ ያለው አቶ ጸጋው የሚባል አሳታሚ ሙዓዊያን አስጠራው። ሙዓዊያ ከዚያ ሲወጣ እየሮጠ ነበር የመጣው።

«ፈረምኩ! አዲስ አበባ ሄጄ ልቀዳ ነው! ካሴቱ ይውጣ እንጂ ሽማግሌ ከቤታችሁ ደጅ ነው የማገኘው።»

«ስንት ሰጡህ?»

«እሱን ተይው፣ ደህና ነው» አለና ፊቱን ዞር አደረገ። መዲና ደስታው መስሏት አለፈችው።

አዲስ አበባ ለሁለት ሳምንት ተብሎ የሄደው አምስት ሳምንት ሆነበት፤ ፋብሪካው ፈቃድህን አሳልፈሃል ብሎ አሰናበተው። ግድ የለም አለ፤ ዘፋኝ ሆኛለሁ አለ። ካሴቱ በሰኔ ወጣ። የሆነውን መጀመሪያ ላይ ነግሬያችኋለሁ። በነሐሴ የማያዜመው ሕፃን አልነበረም።

የመዲና እናት ወይዘሮ ረሂማ ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ላይ ቅመም እየሸጠች ልጇን ያሳደገች ሴት ናት። መጀመሪያ ስትሰማ «ዘፋኝ? ለልጄ ዘፋኝ?» ብላ ፎክራ ነበር። እያደር ግን ልስልስ አለች። ሲመሽ ከገበያ ስትመለስ እሷም እያንጎራጎረች ነበር የምትገባው።

በመስከረም ሽማግሌዎቹ መጡ። የሙዓዊያ አጎት ጋሽ ጀማሉዲን ከሁለት ሰዎች ጋር። ዱዓ ተደረገ፣ ነገሩ ተነሳ፣ ሁሉም ነገር አማረ። ለሙሽሪት የሚሰጠው መህር ላይ ሲደረስ ወይዘሮ ረሂማ ጉሮሮዋን ጠረገችና «ስልሳ ግራም ወርቅ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«እትዬ ረሂማ፣ ልጁ ይሄን አይችልም» አሉ ጋሽ ጀማሉዲን። «አሥር ግራም ከሆነ እንደምንም ብለን…»

«አይችልም? ሱብሃነላህ! እኔ ቅመሜን ዘርግቼ ስቀመጥ ከፊቴም ከኋላዬም የሚጮኸው እሱ አይደለም እንዴ? አንዱ ካሴት አሥራ ሁለት ብር! ይሄን ሁሉ ብር ማን በላው?»

ጋሽ ጀማሉዲን የሚያውቁትን ነገር ዋጡት፤ ልጁ አደራ ብሏቸው ነበር። አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

«አየሽ?» አለች እናት በሩ ሲዘጋ። «ለአንቺ ሲሆን ነው ድሃ የሚሆነው።»

ያቺ ቃል መዲና ሆድ ውስጥ ገባች። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። እውነት ብሩ የት ይሄዳል? ሸሚዙ ያው ሸሚዝ ነው። ሻይ እንኳ ጋብዟት አያውቅም። አዲስ አበባ አምስት ሳምንት ምን ሲሠራ ነበር?

ቅዳሜ ሙዓዊያ መጣ። መዲና የካሴት ቤቱን ስድስት ማጫወቻዎች በአንድ ላይ አስነስታ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀዱ ካሴቶች ተቆልለዋል፣ አጠገባቸው የሱ ፎቶ ያለበት፣ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ሽፋን። ገና «አሰላሙ…» ሲል አቋረጠችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በአላህ ስም እውነቱን ንገረኝ። ሌላ ሴት አለች?»

«ኧረ ምን ሆነሻል?»

«ብሩስ? ከተማው ሁሉ አንተን ይገዛል፤ እናቴ ደጃፍ ሲደርስ አሥር ግራም! ሽማግሌ ልከህ ታዋርደኛለህ? ስስታም!»

 የሙዓዊያ ዓይን ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንዱን ካሴት አነሳ፣ የደበዘዘ ፊቱን አየ።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለ።

መዲና ያኔ ነው እጇ ምን እየሠራ እንደነበር ያየችው።

«ስንት ነው የምትሸጡት?»

«አምስት ብር።»

«ስንት ቀዳሽ?»

«እኔ እንጃ። አራት መቶ… ከዚያም ይበልጣል።»

ሙዓዊያ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሳቅ ጀመረ፤ የሚያስቅ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ይሄ ቤት ብቻውን ከኔ ጉሮሮ ሁለት ሺህ ብር አግኝቷል። እኔ ስንት እንዳገኘሁ ታውቂያለሽ? ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ለአሥሩም ዘፈን፣ ለዘላለሙ፣ አንድ ጊዜ። እሱም አዲስ አበባ ለአልጋና ለምግብ አለቀ። ጸጋው ሃያ ሺህ ካሴት ሸጧል ይላሉ። አንድ ሳንቲም አልጨመረልኝም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ከተማው ሀብታም ሲለኝ አንቺ ፊት ምን ብዬ ልቁም? አፈርኩ።»

መዲና ልትናገር ስትል ጫማውን አየች። አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል፣ የግራው ጎን ተቀድዷል።

«ጫማህ ምን ሆነ?»

«በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«ከየት?»

«ከየት ይሆናል፣ ከኮምቦልቻ ነዋ። የንጋቱን ሱብሂ ሰግጄ ተነሳሁ።»

«ያን ሁሉ ዳገት? ሁልጊዜ?»

«ፋብሪካ ከለቀቅኩ ወዲህ። አንዳንዴ የጭነት መኪና ይጭነኛል። ዛሬ አንዱ ቆሞልኝ ነበር፤ የኔን ዘፈን ከፍቶ 'ሦስት ብር ክፈል' ሲለኝ ወረድኩ።»

መዲና እንባዋ መጣ። ግን አላለቀሰችም፤ ተናደደች። እንዲህ ያለ ንዴት በሕይወቷ አልያዛትም። በጸጋው ተናደደች፣ በሞላልኝ ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ በገዛ እጇ ተናደደች። ተነስታ ስድስቱን ማጫወቻ አንድ በአንድ አጠፋች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ውሉን አሳየኝ።»

ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ይዞት ነበር የሚዞረው። መዲና ቆማ አነበበች። ለአምስት ዓመት በማንኛውም ካሴት የሚቀዳ ድምፁ ሁሉ የአሳታሚው ነው። አሳታሚው በሚያዘጋጀው የመድረክ ዝግጅት ሁሉ ይዘፍናል፤ ለዚህም ትራንስፖርት ይሰጠዋል። መድረክ ላይ የሚገኝ ሽልማት ለዝግጅቱ ወጪ ይውላል።

«ይሄን አንብበህ ነው የፈረምከው?»

«አንብቤያለሁ። ግን መጀመሪያው መስመር ላይ 'ድምፃዊ ሙዓዊያ' ይላል። ድምፃዊ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም መዲና። ከዚያ በታች ያለው ፊደል ሁሉ ጠፋብኝ።»

 እሷ እጇን ዘርግታ ከትከሻው ላይ አቧራ አራገፈች። ድሮ ጥጥ ነበር እዚያ ቦታ የሚቀመጠው።

አቶ ሞላልኝ ሲገባ ማሽኖቹ ቆመዋል።

«ምን ተፈጠረ? መብራት ጠፋ?»

«የሙዓዊያን አልቀዳም» አለች መዲና።

«ልጄ፣ እኔ ባልቀዳው ጎረቤቴ ይቀዳዋል።»

«ይቅዳው። እኔ ግን አልቀዳም።»

አቶ ሞላልኝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የወሩን ደመወዟን ሳይቆርጥ ሰጥቶ አሰናበታት። መዲና ከመሳቢያዋ ያቺን ዶሮ የምትጮህባትን ካሴት ብቻ ይዛ ወጣች።

ሰኞ ዕለት ሁለቱም አቶ ጸጋው ቢሮ ቀረቡ። አቶ ጸጋው ክፉ ቃል አይናገርም፣ ፈገግታው አይጠፋም። ወንበር ጋበዛቸው።

«እህቴ፣ ካሴት ማሳተም ምን እንደሚያወጣ ታውቂያለሽ? ስቱዲዮ፣ ባንድ፣ ሕትመት፣ ማስታወቂያ። ባይሸጥ ኖሮ የምከስረው እኔ ነኝ። ሰው ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«ከሸጠስ?»

«ከሸጠማ ትርፉ የደፈረው ሰው ነው። ደግሞ በየካሴት ቤቱ የሚቀዱት ሌቦች ግማሹን በሉብኝ።» ትኩር ብሎ አያት። «አንቺ የሞላልኝ ቤት ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

መዲና ፊቷ እሳት ሆነ። የተናገረው እውነት ነው። ሌባ ሌባን ሲከስ ቁጭ ብሎ የሚያየው የተዘረፈው ሙዓዊያ ነበር።

«ዘፋኝ የሚበላው ከመድረክ ነው» አለ ጸጋው እየተነሳ። «የፊታችን እሁድ እዚሁ ደሴ ትልቅ ዝግጅት አለን። ሙዓዊያ፣ እንዳትቀር።»

«መድረክ ላይ ምን ይከፈለዋል?» አለች መዲና።

«ውሉ ላይ አለ፤ ትራንስፖርት።»

«እስካሁን ሁለት ጊዜ ዘፍኗል። ትራንስፖርቱንስ ሰጣችሁት?»

ጸጋው ፈገግ እንዳለ ሰዓቱን አየ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሜዳው በሰው ተሞላ። መግቢያው አሥር ብር ነው። ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ ሰው ጎርፏል። ወይዘሮ ረሂማ ጎረቤቷን ወይዘሮ ይታይሽን አስከትላ መጥታለች፤ ዘፈን ልትሰማ አይደለም፣ ልጁ ምን ያህል እንደሚሸለም በዓይኗ ልታይ ነው። መዲና ከኋላ ቆማለች። ስለ ውሉ ለእናቷ ብትነግራትም እናቷ አላመነችም፤ «አሞኝቶሻል» ነው ያለቻት።

ሙዓዊያ ወጣ። የኪራይ ኮት አልብሰውታል፣ ጫማው ግን ያው ጫማ ነው። የገራዶን ዘፈን ሲጀምር ሜዳው አበደ። ሰው እየወጣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለት ጀመር። አሥር ብር፣ ሃምሳ ብር፣ አንዱ ባለ ሱቅ መቶ ብር ለጥፎ እስክስታ ወረደ። ወይዘሮ ረሂማ በጣቷ ትቆጥራለች።

«ይታይሽ፣ አየሽልኝ? አምስት መቶ አለፈ! አቅም የለውም ይሉኛል!»

«ቆይ እስቲ ረሂማ» አለች ይታይሽ። «ብሩን የሚሰበስበው ያ ሰውዬ ማነው?»

ከሙዓዊያ ኋላ አንድ ጎረምሳ ቆሟል። ብሩ ገና ግንባሩ ላይ ከማረፉ ላጥ እያደረገ ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ይከታል። ሙዓዊያ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል። ቦርሳው ሲሞላ ሌላ ቦርሳ መጣ። ወይዘሮ ረሂማ መቁጠር አቆመች።

ያኔ ልጇ ወደ መድረኩ ስትሄድ አየቻት።

መዲና ሸላሚዎቹ መሐል ተሰልፋ ወጣች። ሙዓዊያ ሲያያት ቃሉ አፉ ላይ ቆመ። በእጇ ሦስት ድፍን አንድ ብር ይዛለች። አንዱን ምራቋን ቀባ አድርጋ ግንባሩ ላይ ለጠፈች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ጎረምሳው ሊያነሳ እጁን ሲሰድ እጁን ያዘችው።

«ይሄን አትነካም!»

ድምፅ ማጉያው ቅርብ ነበርና ሜዳው ሁሉ ሰማ። ሰው ሳቀ። መዲና ወደ ማጉያው ተጠጋች። 

«ይሄ ሦስት ብር ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ መሳፈሪያ። እናንተ የምትሸልሙት ብር ለሱ አይደርስም፣ እዚያ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚቀረው። የገዛችሁት ካሴትም ለሱ አይደርስም። እኔ ራሴ ከአራት መቶ በላይ ቀድቼ ሸጬበታለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ይሄ ሰው ዛሬ እናንተን ሊያስደስት ከኮምቦልቻ በእግሩ ነው የመጣው። ውሉ ላይ ትራንስፖርት ይሰጠዋል ይላል፤ እሱን እንኳ ከለከሉት! ስለዚህ እኔ…»

ማጉያው ጠፋ። ጸጋው ከመድረኩ ጀርባ ገመዱን አስነቅሎታል።

ሜዳው ጉርምርም አለ። ሙዓዊያ ሦስቱ ብር ግንባሩ ላይ እንደተለጠፈ መዲናን ያያታል። መጀመሪያ ያፈረ መሰለ። ከዚያ ክራሩን ከባንዱ ልጅ ተቀብሎ ወደ መድረኩ ጫፍ ወጣና እጁን አነሳ። ሰው ዝም አለ። ያለ ማጉያ፣ በባዶ ጉሮሮው፣ ከዚያ በፊት ማንም ያልሰማውን ጀመረ፤ እሱም ራሱ ከዚያች ደቂቃ በፊት አልሰማውም።

*ሦስት ብር ቢጠፋኝ በግሬ መጣለሁ፣*
*መንገዱም ያውቀኛል፣ እኔም አውቀዋለሁ።*

*ድምፄን ሸጬዋለሁ ወረቀት ላይ ፈርሜ፣*
*ይችን ግን አልሸጥም እስካለሁ በቁሜ።*

ከፊት ያሉት ለኋላዎቹ እየተቀባበሉ አደረሱት። የሚቀዳ መሣሪያ አልነበረም። መዲና አጠገቡ ቆማ ታለቅሳለች፤ ለሷ መሆኑን ሜዳው ሁሉ ያውቃል።

ዘፈኑ ሲያልቅ ከሁሉ ቀድሞ የተሰማው የአንዲት ሴት ድምፅ ነው። ገበያ መሐል ቅመም ስትጠራ የኖረች ሴት ማጉያ አያስፈልጋትም።

«አንተ ባለ ቦርሳ! የመግቢያ አሥር ብሬን መልስ! እኔ ለሱ ነው እንጂ ለአንተ አልከፈልኩም!»

«የኔንም!» አለች ይታይሽ።

«ትራንስፖርቱን ስጡት!» አለ አንዱ ከኋላ። ከዚያማ ሜዳው ተቀበለው። «ትራንስፖርቱን! ትራንስፖርቱን!»

ብሩ ተመለሰ ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ወዲያ! ሰው ሲጮህ ጸጋውና ቦርሳው በመኪና ከሄዱ ቆይተዋል። ሙዓዊያ በኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ ቢጠይቅም ፊርማው ያንተ ነው ወይ አሉት፤ ነው አለ፤ በዚያው አለቀ።

ያን ቀን ግን ሙዓዊያ፣ መዲናና እናቷ በእግራቸው ወደ ሆጤ ወጡ።  ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ረሂማ በማስታጠቢያ ለብ ያለ ውሃ አምጥታ ሙዓዊያ ፊት አስቀመጠች።

«እግርህን አምጣ።»

«ኧረ እማማ፣ እኔው እታጠባለሁ።»

«አምጣ አልኩህ!» ጫማውን ራሷ አወለቀች። የተላጠውን ተረከዙን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። «ወላሂ፣ ይሄን እግር ሳላይ ነው ስልሳ ግራም ያልኩት። ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው።»

ኒካሁ በወሩ ታሰረ። ሼኹ መህሩን ሲጠይቁ መዲና ከመጋረጃው ጀርባ ሆና «ሦስት ብር» አለች።

«ሦስት ሺህ ነው ልጄ?»

«ሦስት ብር ሼኽ። ከኪሱ አለ።»

ሼኹ በሟች አባቷ ቦታ ወደቆመው ወደ መዲና አጎት ወደ ሚስባህ ዞሩ፤ ሚስባህ ትከሻውን ነቀነቀ። ሙዓዊያ ሦስቱን ድፍን ብር ከደረት ኪሱ አወጣ። አልመነዘራቸውም፣ ወጪ አላደረጋቸውም፤ ከመድረኩ በወረደበት ቀን እንደታጠፉ ነበሩ። ሼኹ ተቀብለው ቆጠሩና ፈገግ አሉ። «መህሩ የሷ ነው፣ የወደደችውን ትጠይቅ» ብለው ኒካሁን አሰሩ።

አምስቱን ዓመት ሙዓዊያ አንድም ካሴት አልቀዳም። የሚቀዳው ሁሉ ለጸጋው ከሆነ አይቀዳም። ኮምቦልቻ ላይ ኤሌክትሪክ ዕቃ መጠገኛ ከፈቱ፤ መዲና ማጫወቻ መፍታትና መግጠም ከሞላልኝ ቤት ተምራ ወጥታ ነበር። ቅዳሜና እሁድ እሱ በየሠርጉ ይዘፍናል፣ እሷ በር ላይ ቆማ ቴፕ ይዞ የሚገባውን «ወንድሜ፣ ቴፕህን እኔ ልያዝልህ» ትለዋለች። ስንት ሺህ ሲገለብጡ የኖሩት እጆቿ አሁን ሥራቸው መከልከል ሆነ።

ውሉ ሲያልቅ ማን አስታወሰው? ካሴት ራሱ ሞቶ ነበር፤ ሲዲ መጥቷል፣ አዲስ ልጆች መጥተዋል፣ ስለ ቅጂ መብት አዋጅ ወጣ ተብሏል። ለሱ የመጣለት ነገር የለም። ይሄን ስናገር አሁንም ያቃጥለኛል፤ ሃያ ሺህ ካሴት የተሸጠበት ሰው የራሱ የሆነ የታተመ ካሴት ኖሮት አያውቅም፤ ያለው አክስቱ ቤት የተቀዳው ባለ ዶሮው ብቻ ነው።

በ1998 አንድ ረፋድ ሁለቱ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሚኒባስ ተሳፈሩ። መዲና ሴት ልጃቸውን ታቅፋለች። ሾፌሩ የገራዶን ዘፈን ከፈተ።

«ይሄ ሰውዬ አሁን የት ይሆን?» አለ ረዳቱ።

«አሜሪካ ነው አሉ» አለ ሾፌሩ። «አዲስ አበባ ላይ ሁለት ፎቅ አለው። ብሩን ዘግቶበት ተቀምጧል።»

መዲና አፏን ከፈተች። ሙዓዊያ ክንዷን ያዝ አደረጋትና በዓይኑ «ተይው» አላት። ድሮ ቢሆን አፍሮ ነበር ዝም የሚያሰኛት፤ አሁን ግን ሊስቅ ደርሷል።

«ሂሳብ!» አለ ረዳቱ።

መዲና ቦርሳዋን ፈታች። ከታች፣ አሮጌ የካሴት ማስቀመጫ ውስጥ ሦስት ድፍን ብር ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ እሱን ወደ ጎን አለችና ከሌላው ኪስ የሁለት ሰው ከፈለች። ሾፌሩ ዘፈኑን ከፍ አደረገው። ሙዓዊያ ራሱን ወደሷ ዘንበል አድርጎ የሚኒባሱ ጩኸት ሳያሸንፈው፣ እሷና ልጃቸው ብቻ እንዲሰሙት፣ ያችኛዋን የሦስት ብሯን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረ። ያቺ ዘፈን በየትኛውም ካሴት ቤት የለችም። ዳገቱን እስኪጨርሱ ድረስ ዘፈነላት።